ዘር የሌለው ተክል፤ ስለ እርድ ጉዞና ስለ እርሱ ስላለው ዕውቀት

እርድ በአገራችን ማእድ ቤት የማይታጣ ቅመም ነው። አልጫ ወጥ ከቀይ ወጥ የሚለየው በርበሬ ስለማይገባበት ብቻ አይደለም፤ እርድ ቢጫ መልክ ስለሚሰጠውም ነው። ቅቤ ሲነጠርም ከኮሰረትና ከኮረሪማ ጋር ጥቂት እርድ ይጨመርበታል። ይሁን እንጂ ይህ በዱቄት ከገበያ የሚሸመት ቅመም በየትኛው ምድር እንደ ተገኘ፣ ተክሉ ምን ዓይነት ጠባይ እንዳለውና በምን መንገድ ከአገር ወደ አገር እንደ ተዛመተ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ጥያቄው ለእጽዋት ተመራማሪ ብቻ የሚተው መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን የእርድ ነገር፣ ከዚህ በታች እንደሚታየው፣ ከእጽዋት ጥናት ይልቅ ወደ ሕዝቦች ጥናት ያዘነበለ ነው።

የዚህም ምክንያት አንድ ነው። እርድ ያብባል እንጂ በዘር አይራባም። ነፋስ አይበትነውም፤ ወፍ በሆዷ ይዛው አትሄድም፤ የባሕር ሞገድም ወደ ሌላ ዳርቻ አያደርሰውም። ከአንድ ማሳ ወደ ሌላው የሚሻገረው ሰው ቆፍሮ አውጥቶ፣ ቈርሶ፣ ተሸክሞ ሲተክለው ብቻ ነው። ስለዚህ እርድ የበቀለበት ስፍራ ሁሉ የሰው እጅ የደረሰበት ስፍራ ነው፤ ተክሉን ማጥናትም ያንን እጅ ማጥናት ነው። በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ የተክሉን ጠባይ፣ ቀጥሎ የተጓዘባቸውን ሁለት መንገዶች፣ ከዚያም በልዩ ልዩ ሕዝቦች ዘንድ ያለውን ክብር እንመለከታለን። በመጨረሻም ስለ ተክሉ ያለው ዕውቀት በሕግ ፊት ምን እንደ ገጠመውና ይህ ለእኛ ምን እንደሚያስተምር እናመለክታለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የተክሉ ጠባይ

እርድ በሊቃውንት ዘንድ ኩርኩማ ሎንጋ ይባላል። በ1753 ይህን ስም የሰጡት ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኔየስ ሲሆኑ፣ የስሙ የመጀመሪያ ክፍል «ኩርኩም» ከሚለው የዓረብኛ ቃል የመጣ ነው። ተክሉ ከዝንጅብል ወገን ነው፤ ስለዚህም ለዝንጅብል፣ ለሄልና ለአገራችን በቀል ለኮረሪማ ዘመዳቸው ነው። የእርድ ቅርብ ዘመዶች ከመቶ በላይ ሲሆኑ፣ የሚገኙትም አብዛኛውን በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። እርድ ራሱ ግን በእውነተኛ የዱር ሁኔታ የሚበቅልበት ስፍራ አይታወቅም። ጥንቱን የለመደው በሕንድ ምድር እንደ ሆነ ሊቃውንቱ ይስማማሉ።

ቁመቱ አንድ ሜትር ያህል ነው። ቅጠሉ ሰፊና ረዥም ሲሆን፣ ግማሽ ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ከሩቅ ሲታይ ግንድ ያለው ይመስላል፤ ቀርበው ሲያዩት ግን ግንድ የሚመስለው የቅጠሎቹ እጀታ እርስ በርሱ ተጠቅልሎ የቆመ ነው፤ በዚህ ረገድ ሙዝንና እንሰትን ይመስላል። አበባው በቅጠሎቹ መካከል ቀጥ ብሎ ይወጣል። በመጀመሪያ የሚታዩት ፈዛዛ አረንጓዴና ነጭ ሽፋኖች ናቸው፤ እውነተኞቹ አበቦች ትናንሽና ቢጫ ሆነው ከሽፋኖቹ ጉያ ውስጥ ይፈነዳሉ።

ዋናው አካሉ ያለው ግን ከመሬት በታች ነው። ሰው ሁሉ ሥር ይለዋል፤ በትክክል ሲነገር በአፈር ውስጥ አግድም የሚያድግ ግንድ ነው። ዓይኖች አሉት፤ ከየዓይኑም አዲስ ቡቃያ ይወጣል። የሕንድ ገበሬዎች መካከለኛውንና ወፍራሙን ክፍል «እናት»፣ ከእርሱ ጎንና ጎን የሚወጡትን ቀጫጭኖች «ጣቶች» ይሏቸዋል። ደረቁ ወራት ሲመጣ ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ የመሬት ውስጡ ግንድ ግን በሕይወት ይቆይና ዝናብ ሲጥል እንደገና ያቈጠቁጣል። ተክሉ ዓመት ከዓመት የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

አበባ እያለው ዘር የማይሰጥበትም ምክንያት በሕዋሱ ውስጥ ነው። እርድ በየሕዋሱ 63 ክሮሞሶሞች አሉት፤ ይኸውም ሦስት ጊዜ 21 ነው። ዘር የሚፈጥሩት ሕዋሳት ሲሠሩ ክሮሞሶሞች ሁለት ሁለት እየሆኑ መጣመርና መከፈል ይገባቸዋል፤ ሦስት የሆኑት ግን በእኩል ሊከፈሉ አይችሉም። ስለዚህ አበባው ብዙ ጊዜ መካን ሆኖ ይረግፋል። አልፎ አልፎ ዘር የያዙ ዓይነቶች በምርምር ጣቢያዎች ታይተዋል፤ ገበሬው ግን እርድን በዘር አይተክልም። የሚተክለው «እናቱን» ወይም «ጣቶቹን» ነው። ከዚህም የሚከተለው ነገር ሊጤን ይገባዋል። ዛሬ በአንድ ማሳ ላይ ያለው እርድ ከሺህ ዓመታት በፊት ከተተከለው እርድ የተወለደ ልጅ ሳይሆን፣ የዚያው የጥንቱ አካል ቍራጭ ነው። በመካከሉ ያሉት ትውልዶች የሰዎች ትውልዶች ናቸው።

ሁለቱ መንገዶች

እርድ ከተተከለ በኋላ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ወር ባለው ጊዜ ይቈፈራል። ለገበያ የሚቀርበው ታጥቦ ይቀቀላል፤ መቀቀሉ ቀለሙ በሁሉም ዘንድ እንዲዳረስ፣ ሽታው እንዲለዝብና ለመድረቅ እንዲፈጥን ያደርገዋል። ከዚያም ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ቀን በፀሐይ ተሰጥቶ ይደርቃል፤ ከደረቀ በኋላ ልጣጩ እስኪለሰልስ ይታሻል። በዚህ ዓይነት የተሰናዳ እርድ እንደ እንጨት ይጠነክራል፤ ፋርሶች «ቢጫ እንጨት» የሚል ስም የሰጡትም ስለዚህ ነው። ለዓመታት ሳይበላሽ ይቀመጣል፤ በመርከብም በግመልም ረዥም መንገድ ይሄዳል። አንድ ነገር ግን አይችልም፤ የተቀቀለ ስለ ሆነ ከእንግዲህ ወዲህ አይበቅልም።

ስለዚህ የእርድን ጉዞ የሚያጠና ሰው ሁለት መንገዶችን መለየት አለበት። አንደኛው የነጋዴ መንገድ ነው፤ በዚህ መንገድ የሚጓዘው የደረቀው እርድ ሲሆን፣ ከእርሱ ጋር ስሙና ቀለሙ ይሄዳሉ፤ ተክሉ ግን ባለበት ይቀራል። ሁለተኛው የተካይ መንገድ ነው፤ በዚህኛው መንገድ ሕይወት ያለው እርጥቡ ግንድ ከአፈሩ ጋር በቅርጫት ወይም በታንኳ ይሄዳል። ይህን የሚሸከመው በሄደበት ስፍራ ሊኖር ያሰበ ሰው ነው።

በነጋዴ መንገድ የደረሳቸው ሕዝቦች ቀለሙን ያውቁታል እንጂ ተክሉን አያውቁትም። በመጀመሪያው መቶ ዓመት የነበሩት የግሪክ ሐኪም ዲዮስቆሪዴስ ከሕንድ ስለሚመጣ፣ ዝንጅብል ስለሚመስል፣ ሲታኘክም ቢጫና መራራ ስለ ሆነ ሥር ጽፈዋል፤ ቀለሙን ያመሳሰሉትም ከሳፍሮን ጋር ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት በቻይና ደቡብ የተጓዘው ማርኮ ፖሎም ሳፍሮን ሳይሆን የሳፍሮንን ሥራ ስለሚሠራ ነገር ተናግሯል። ሳፍሮን ከአንዲት ትንሽ አበባ የሚለቀም እጅግ ውድ ቢጫ ቀለም ሲሆን፣ ከእርድ ጋር የእጽዋት ዝምድና የለውም። ሆኖም «ኩርኩም» የሚለው ቃል ሁለቱንም ሲጠራ ኖሯል፤ በዕብራይስጥ «ካርኮም» እስከ ዛሬ የሳፍሮን ስም ነው። ከዚህ የምንረዳው ስም ብቻውን በቂ ምስክር አለመሆኑን ነው። ስም በቀለም መመሳሰል ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው ይዘላል።

በተካይ መንገድ የሄደውን እርድ በግልጥ የምናየው በፓሲፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች ነው። ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ተነሥተው በታንኳ ወደ ምሥራቅ የዘለቁት የአውስትሮኔዥያ ቋንቋ ተናጋሪዎች ከሌሎች ተክሎች ጋር እርድን ተሸክመው ነበር። በያፕ ደሴት «ሬንግ»፣ በቲኮፒያ ከተክሉ የሚወጣው ቀለም «ሬንጋ»፣ በታሂቲ «ሬአ»፣ በሃዋይ «ኦሌና» ይባላል። በሃዋይ ቋንቋ የጥንቱ «ር» «ል»፣ የጥንቱ «ንግ» ደግሞ «ን» ሆኗል፤ በታሂቲ «ንግ» ወደ ጉሮሮ ድምፅ ተለውጧል። ስለዚህ «ሬንጋ»፣ «ሬአ» እና «ሌና» አንድ ቃል ናቸው። ድምፁ በሕግ የተለወጠው ቃሉ ከሕዝቡ ጋር ከጥንት ጀምሮ የኖረ በመሆኑ ነው፤ ከነጋዴ የተቀዳ ቃል እንዲህ ያለ ሥርዓት አይከተልም። በዚህ ስፍራ ስሙና ተክሉ አብረው ይመሰክራሉ። ከኤውሮፓ መርከቦች በፊት ወደ እነዚያ ደሴቶች ቅመም ይዞ የሄደ የሩቅ ነጋዴ አልነበረምና፣ እርዱን ያደረሱት ሰፋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው።

ወደ አፍሪካ ስንመለስ ደግሞ ሦስት የተለያዩ ስሞች እናገኛለን። በማዳጋስካር የዚህ ወገን ተክል «ታሙታሙ» ይባላል፤ ይህም በማላይና በጃቫ የእርድን ዘመዶች ከሚጠራው «ተሙ» ከሚለው ቃል ጋር ይገጥማል። የማዳጋስካር ቋንቋ በቦርኒዮ ደሴት ከሚነገረው ከማአንያን ቋንቋ ጋር በቅርብ የሚዛመድ መሆኑን ኖርዌያዊው ሊቅ ኦቶ ክርስቲያን ዳል በ1951 ባወጡት ጥናት አሳይተዋልና፣ የቃሉ መገጣጠም አያስደንቅም። በስዋሂሊ «ማንጃኖ» ሲባል፣ ይህ በደቡብ ሕንድ ታሚሎች ከሚሉት «ማንጃል» ጋር ይቀራረባል። በአፍሪካ ቀንድ ያለው ስም ግን ሦስተኛ ነው። በየመን ዓረብኛ «ሁርድ»፣ በሶማሌ «ሁሩድ»፣ በኦሮምኛ «ኢርዲ»፣ በአማርኛ «እርድ» ይባላል። የአማርኛው ቃል የመጀመሪያውን «ሀ» ማጣቱ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ግዕዙ «ሀለወ» በአማርኛ «አለ» እንደ ሆነ ሁሉ፣ የጉሮሮ ድምፆች በብዙ ቃላችን ውስጥ ጠፍተዋል።

እንግዲህ አንድ ተክል ወደ አንድ ክፍለ ዓለም በሦስት ስም ገብቷል። አንዱ ስም የቦርኒዮን ሰፋሪ፣ አንዱ የሕንድ ውቅያኖስን መርከበኛ፣ አንዱ የቀይ ባሕርን ነጋዴ ያስታውሳል። የእኛ «እርድ» የሚያመለክተው በባብ ኤል መንደብ በኩል ያለውን የንግድ መንገድ ነው። ነገር ግን ከላይ እንደ ተገለጸው፣ ስሙ የመጣበት መንገድ የግድ ተክሉ የመጣበት መንገድ አይደለም። በቴፒና በአካባቢው፣ በሸኮና በቤንች ምድር በደን ጥላ ሥር የሚለማው እርድ ሕይወት ያለው ተክል ነው፤ ሰው በእጁ ያደረሰው ነው። የነጋዴውን ስምና የተካዩን ማሳ አንድ አድርጎ መቍጠር ታሪኩን ማሳሳት ይሆናል።

ቢጫው ቀለምና ክብሩ

በእስያ ሕዝቦች ዘንድ እርድ ከምግብነቱ በፊት ቀለም ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። አሜሪካዊው የመልክዐ ምድር ሊቅ ዴቪድ ሶፈር በ1964 በእስያና በኦሽያንያ ያለውን የእርድ አጠቃቀም የሚመለከት ጥናት አውጥተዋል። ከጥናታቸው የሚታየው እርድ በነዚህ ሰፊ አገሮች ሁሉ ከልደት፣ ከጋብቻና ከመከር ሥርዓት ጋር የተያያዘ መሆኑ ነው።

በሕንድ አገር ሙሽሮች ከሠርጉ በፊት ገላቸውን የተወቀጠ እርድ ይቀባሉ። በታሚሎች ዘንድ ባል በሚስቱ አንገት የሚያስረው ክር በእርድ የተነከረ ነው። በጥር ወር በሚከበረው በፖንጋል የመከር በዓል ደግሞ አዲሱ ሩዝ በሚፈላበት ድስት አንገት ላይ እርድ ከነቅጠሉና ከነሥሩ ይታሰራል። በማሃራሽትራ ክፍለ ግዛት በጄጁሪ ኮረብታ ላይ ካንዶባ የተባለውን አምላክ የሚያመልኩ ሰዎች የእርድ ዱቄት ወደ ሰማይ እየበተኑ ደረጃውንና ግድግዳውን ሁሉ ቢጫ ያደርጉታል። በዚያው ክፍለ ግዛት ባለትዳር ሴቶች እርስ በርሳቸው እርድና ቀዩን ኩምኩም የሚቀባቡበት ልማድ አለ፤ ከዚህ ልማድ መበለቶች ተለይተው ኖረዋል። ስለዚህ ይህ ቀለም በረከትን ብቻ ሳይሆን የማኅበራዊ ሥፍራን ወሰንም ያመለክታል። በቀለሙ ውስጥ ማን እንደሚገባና ማን እንደሚወጣ የሚወስነው ልማድ ነው።

ኩምኩም ራሱ የእርድ ልጅ ነው። ቢጫው እርድ ከኖራ ጋር ሲደባለቅ ወዲያው ደም ይመስላል። የደቡብ ሕንድ ሴቶች ክፉ ዓይንን ለመመለስ በሙሽሮች ፊት የሚያዞሩት ቀይ ውኃ እርድና ኖራ የተበጠበጠበት ነው። የኬሚስትሪ ሰዎችም ይህንኑ ጠባይ ተጠቅመውበታል፤ በእርድ የተነከረ ወረቀት ኖራንና ኖራ መሰል ነገሮችን ለመለየት ለብዙ ጊዜ አገልግሏል። ቀለሙን የሚሰጠውን ነገር ፎግልና ፔልቲዬ በ1815 ለይተው አወጡት፤ ስሙም ኩርኩሚን ተባለ። አሠራሩን በትክክል የገለጹት ሚሎቤድዝካ፣ ኮስታኔኪና ላምፔ በ1910 ነው። ሊቃውንቱ በመስተዋት ዕቃ ውስጥ ያረጋገጡትን የቀለም ለውጥ ሴቶቹ በሳሕን ላይ አስቀድመው ያውቁት ነበር።

በቲኮፒያ ደሴት ደግሞ የእርድ ሥራ ራሱ አምልኮ ነበር። ቲኮፒያ በሰሎሞን ደሴቶች ምሥራቅ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። የኒውዚላንድ ተወላጅ የሆኑት የሕዝቦች ጥናት ሊቅ ሬይመንድ ፈርዝ በ1928 እና በ1929 በዚያ ተቀምጠው ያዩትን በ1940 በታተመው መጽሐፋቸው ገልጸውታል። ተክሉ «አንጎ» ይባላል፤ ሥሩ ተፍቆ በውኃ ይታጠባል፤ ይጠለላል፤ ከዚያም ቀለሙ ከሚበላው ዱቄት ይለያል። ቀለሙ የአማልክትና የባላባቶች ስለ ነበር፣ ሥራው በተወሰነ ወቅትና በብዙ ክልከላ ይሠራ ነበር። በኋላ ሕዝቡ ወደ ክርስትና ስለ ተመለሰ ያ ሥርዓት ቀርቷል። ፈርዝ በዚያን ጊዜ ባይጽፉት ኖሮ ከሥርዓቱ ጋር ዝርዝሩም ሊጠፋ ይችል ነበር።

ቅጠሉም ቢሆን የራሱ ሥራ አለው። በሕንድ ምዕራብ ጠረፍ በጎዋና በኮንካን ከሩዝ ሊጥ፣ ከኮኮናትና ከስኳር የሚሠራ ምግብ በእርድ ቅጠል ተጠቅልሎ በእንፋሎት ይበስላል፤ በሱማትራ ምዕራብ ሬንዳንግ የሚባለው የሥጋ ወጥ የሚሠራው የእርድ ቅጠል ተጨምሮበት ነው። ዳቦ በኮባ ጠቅልሎ መጋገር ለለመደ ሕዝብ ይህ አስረጂ አያስፈልገውም። ነገር ግን የደረቀ እርድ ብቻ በሚደርስበት አገር ቅጠሉን የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ቅጠሉ በምግብ ውስጥ መገኘቱ ተክሉ በዚያ ስፍራ ሥር ለመስደዱ ጥሩ ምልክት ነው።

ዕውቀቱ የማን ነው?

በመጋቢት 1995 የአሜሪካ የፓተንት መሥሪያ ቤት እርድን ለቁስል ማዳኛ መጠቀምን እንደ አዲስ ፈጠራ ቈጥሮ ለአንድ የአሜሪካ የሕክምና ተቋም የባለቤትነት መብት ሰጠ። በሕንድ አገር ልጅ ሲወድቅና ጉልበቱ ሲላጥ እናት እርድ ትነሰንስበታለች፤ ይህን የማያውቅ ቤት አይገኝም። ስለዚህ በ1996 የሕንድ የሳይንስና የኢንዱስትሪ ምርምር ምክር ቤት መብቱ እንዲሰረዝ ጠየቀ፤ በ1997ም ተሰረዘ።

ለሕዝቦች ጥናት ተማሪ የሚጠቅመው የክርክሩ ውጤት ሳይሆን የክርክሩ መንገድ ነው። በዚያን ጊዜ በነበረው የአሜሪካ ሕግ መሠረት አንድ ነገር በአሜሪካ ምድር ውስጥ የታወቀ ወይም የተሠራበት ከሆነ አዲስ አይባልም ነበር። በውጭ አገር ለሚታወቅ ነገር ግን መታወቁ ብቻ አይበቃም፤ ታትሞ መገኘት ወይም በፓተንት መመዝገብ ነበረበት። ስለዚህ የብዙ ሚሊዮን እናቶች ልማድ እንደ ማስረጃ አልተቈጠረም። ምክር ቤቱ ያሸነፈው በሳንስክሪት፣ በኡርዱና በሂንዲ የተጻፉትን ጨምሮ 32 ጽሑፎችን ስላቀረበ ነው፤ ከእነዚህም አንዱ በ1953 በሕንድ የሐኪሞች ማኅበር መጽሔት የወጣ ጽሑፍ ነበር። ሕጉ በ2011 በወጣ አዋጅ ተለውጦ ከ2013 ጀምሮ በውጭ አገር በሕዝብ ዘንድ የታወቀ ልማድም እንዲቈጠር ተደርጓል፤ ሆኖም ልማዱ መኖሩን የማስረዳት ሸክም ዛሬም ከባለ ልማዱ አልወረደም። ሕንድ ከዚህ ተምራ ከ2001 ጀምሮ የባህላዊ ሕክምና ዕውቀቷን ከጥንት መጻሕፍት እያወጣች፣ ወደ ሌሎች ቋንቋዎችም እየመለሰች በአንድ መዝገብ መሰብሰብ ጀመረች።

ከዚህ ጉዳይ ሁለት ትምህርት ይገኛል፤ ሁለቱም እርስ በርሳቸው የሚጋፉ ናቸው። በአንድ በኩል መጻፍ ይጠብቃል፤ ያልተጻፈው ዕውቀት በዳኛ ፊት እንደሌለ ተቈጥሯል። በሌላ በኩል የተጻፈው ለሁሉ ክፍት ነው፤ ባለቤቱ ሳይጠየቅ ሊወሰድ ይችላል። ከዚህም በላይ ሕንድ ያሸነፈችው የጥንት መጻሕፍት ስላሏት ነው። ዕውቀቱ በቃል ብቻ ያለ ሕዝብ በዚያ ችሎት ቢቆም ምን ይዞ ይከራከር ነበር? ይህ ጥያቄ የሩቅ አገር ጥያቄ ብቻ አይደለም። ስለ ጤፍ ዱቄት አሠራር በ2007 ለአንድ የሆላንድ ኩባንያ የኤውሮፓ ፓተንት ተሰጥቶ ነበር፤ በሆላንድ አገር ያለውን መብት የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 ውድቅ እስኪያደርገው ድረስ አሥር ዓመት አልፏል።

በእኛ ዘንድ ሊመዘገብ የሚገባው

በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ብዙ ሕዝብ የሚኖረው እንደ እርድ በእጅ በሚተላለፉ ተክሎች ነው። ከሁሉ የሚበልጠው እንሰት ነው። እንሰት አገር በቀል ሲሆን የዱሩ በዘር ይራባል፤ በጓሮ ያለው ግን ከተቈረጠ አምቾ በሚወጣ ችግኝ ይባዛል። እያንዳንዱ ዓይነት የራሱ ስም አለው፤ ይህ ለቆጮ፣ ያ ለአጥንት ስብራት፣ ሌላው ለቃጫ ይሻላል እየተባለ ይለያል። ስሙንና ጥቅሙን አጥርተው የሚያውቁት ይልቁንም ሴቶች ናቸው። የአንድ ዓይነት ችግኝ ከጓሮ ከጠፋ ስሙ ጥቂት ጊዜ ይቆይና እርሱም ይጠፋል፤ ስሙ ከተረሳም ተክሉን ፈልጎ የሚጠይቅ አይኖርም።

በእጅ መተላለፍ አደጋም አለው። ዝንጅብል የእርድ ዘመድ እንደ መሆኑ እርሱም የሚተከለው ከመሬት ውስጥ ግንዱ ነው። በ2012 አካባቢ በባክቴሪያ የሚመጣ የማጠውለግ በሽታ በዝንጅብል ማሳዎቻችን ላይ ተዛምቶ የብዙ ገበሬዎችን ምርት አጠፋ፤ በሽታውን ከቦታ ወደ ቦታ ካደረሱት ነገሮች አንዱ ለመትከያ የሚለዋወጡት የታመመ ዝንጅብል ነበር። ወዳጅ ለወዳጁ የሚሰጠው ያው ቍራጭ ሕይወትንም በሽታንም ይሸከማል። ስለዚህ ማን ለማን እንደ ሰጠ ማወቅ ለታሪክ ብቻ ሳይሆን ለማሳው ደኅንነትም ያስፈልጋል።

እንግዲህ ወደ እርድ አገር ለጥናት የሚወጣ ተማሪ የቅመሙን ዋጋና የኩንታሉን ቍጥር ብቻ ጽፎ ባይመለስ ይበጃል። መጠየቅ የሚገባው እነዚህን ነው። ተክሉ በአካባቢው ቋንቋ ምን ይባላል? ስሙ ከ«እርድ» የተቀዳ ነው ወይስ የራሱ ነው? የመጀመሪያው መትከያ ከማን እጅ መጣ፤ በዘመድ፣ በጋብቻ፣ በገበያ ወይስ በመንግሥት ሠራተኛ? «እናቱን» የሚያስቀምጠው ማን ነው፤ ወንዱ ወይስ ሴቷ? ቅጠሉ ለምን ይውላል? ቀለሙ ከወጥ በቀር ለገላ፣ ለልብስ፣ ለሕመም ያገለግላል ወይ? በመልሱም ላይ የነገረውን ሰው ፈቃድ፣ የመንደሩን ስምና ቀኑን መመዝገብ አይዘንጋ። በ1953 የወጣውን ያንን ጽሑፍ ያሳተሙ ሰዎች ጽሑፋቸው ከ40 ዓመት በኋላ የአገራቸው ማስረጃ እንደሚሆን ሊገምቱ አይችሉም ነበር። ባይጽፉት ግን ምክር ቤቱ ካቀረባቸው ማስረጃዎች አንዱ ይጐድል ነበር።